ካርቶኑ ላይ «ኒዮዲሚየም» ሲል ስለ ድምፁ ምን እየነገረን ነው?

ጅማ መርካቶ የስልክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችን የዞረ ሰው ስለ ጆሮ ማዳመጫ ሁለት ነገር ደጋግሞ መስማቱ አይቀርም። አንደኛው «ይኼ ኒዮዲሚየም ነው፣ ድምፁ ሌላ ነው» የሚል ነው፤ ኒዮዲሚየም ማዳመጫው ውስጥ ያለው ማግኔት የሚሠራበት ማዕድን ነው። ሁለተኛው ዋጋው ለምን እንደጨመረ ሲጠየቅ የሚሰጥ መልስ ነው፦ «ቻይና ማግኔት ከልክላለች»። ሻጮቹ ይህን የሚሉት ሊያታልሉን ፈልገው አይመስለኝም። ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ያዩትን፣ ዕቃውን ከአዲስ አበባ ያመጣላቸው ነጋዴ የነገራቸውን ነው መልሰው የሚነግሩን። በሁለቱም አባባል ውስጥ እውነት አለ። እውነቱ ያለው ግን ገዢው ከሚገምተው ቦታ አይደለም፤ በዚህ የተነሳ ብዙ ተማሪ ከቤት የተላከለትን ገንዘብ ለአንድ ቃል ከፍሎ ይመለሳል። ይህ ያሳስበኛል።

ነገሩን ለመረዳት አንዱን ከፍቶ ማየት ይበጃል። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ስልክ የሚጠግን ወዳጅ አለኝ። አንድ ቀን ድምፁ የጠፋ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ በመብራት ሥር አስቀምጦ በምላጭ ጠርዙን ፈለቀቀልኝ። መጀመሪያ የታየው ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ነው። የቡና ፍሬ ሲፈለፈል የሚለቀውን ገለፈት ይመስላል፤ ትንፋሽ ሲነካው ይርገበገባል። ከጀርባው ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በክብ ተጠቅልሎ ተጣብቆበታል። ጥቅልሉ የሚገባበት ቀለበት መሳይ ጠባብ ክፍተት አለ። በክፍተቱ መሐል እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ክብ ነገር ተቀምጧል፤ ማግኔቱ እሱ ነው። ወዳጄ ወረንጦውን ሲያስጠጋ ጠቅ ብሎ ተያዘበት፤ ለማላቀቅ መጎተት ነበረበት። ስንለካው ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከዚህ ተነሥቶ ክብደቱን ማስላት ይቻላል፦ ወደ 0.3 ግራም፣ የሁለት ጥሬ ቡና ፍሬ ያህል።

ከስልኩ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ፍሰት በሽቦው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ፍሰት ያለበት ሽቦ በማግኔት መስክ ውስጥ ሲሆን አንዴ ይገፋል፣ አንዴ ይሳባል። ገለፈቱ አብሮት ይሄዳል፣ አየሩን ይገፋል፤ ጆሯችን የሚቀበለው ይህንን ነው። በሽቦው ላይ የሚያርፈው ግፊት የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፦ በክፍተቱ ውስጥ ያለው የመስክ ጥንካሬ፣ በመስኩ ውስጥ ያለው የሽቦ ርዝመት፣ እና የፍሰቱ መጠን። በዚህ ስሌት ውስጥ የማዕድኑ ስም የለም። ሽቦው ክፍተቱ ውስጥ ያለውን መስክ እንጂ መስኩን የፈጠረው ኒዮዲሚየም ይሁን ፌራይት የሚባለው ርካሹ ማግኔት አያውቅም። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ አንድ ነጥብ የሚነሳ ነው።

ታዲያ ስሙ ለምን እንዲህ ገነነ? የዘመናዊ ማግኔቶች ታሪክ ብዙው የተሠራው በጃፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ቶኩሺቺ ሚሺማ ብረት፣ ኒኬልና አሉሚኒየምን ቀላቅለው ከዚያ በፊት ከነበረው የብረት ማግኔት እጅግ የሚበልጥ ሠሩ፤ በኋላ ኮባልት ተጨምሮበት አልኒኮ የተባለው ቤተሰብ ከዚህ ወጣ። በዚያው አሥር ዓመት ዮጎሮ ካቶና ታኬሺ ታኬይ ከብረት ኦክሳይድ የሚሠራውን ፌራይት ፈለሰፉ። ዛሬ የምናውቀው ርካሹ የፌራይት ማግኔት ከባሪየም ወይም ከስትሮንቲየም ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራው ሲሆን፣ በ1950ዎቹ የሆላንዱ ፊሊፕስ ለገበያ አበቃው። ፌራይት እንደ ሸክላ በእሳት ተተኩሶ የሚሠራ ጥቁር ነገር ነው፤ ሲወድቅም እንደ ሸክላ ይሰበራል። ዋናው ንጥረ ነገሩ የጅማን አፈር ቀይ ካደረገው የብረት ኦክሳይድ ጋር አንድ ዘር ነው። ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው፤ በየትም አገር ሞልቷል።

ከዚያ ሳማሪየምና ኒዮዲሚየም የሚመደቡባቸው ብርቅዬ የመሬት ማዕድናት መጡ። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በካርል ስትርናት መሪነት በተደረገ ምርምር ሳማሪየም ከኮባልት ጋር ሲዋሐድ የሚገኘው ብርቱ ማግኔት ተገኘ። በ1979 ሶኒ ዎክማን የተባለውን ትንሽ የካሴት ማጫወቻ ሲያወጣ አብሮት የመጣውን ቀላል ማዳመጫ ያስቻለው ይኸው ዓይነት ማግኔት ነው። ነገር ግን ኮባልትም ሳማሪየምም ውድ ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ በጃፓኑ ሱሚቶሞ ስፔሻል ሜታልስ ማሳቶ ሳጋዋ፣ በአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ ጆን ክሮት፣ አንዱ ሌላውን ሳይከተል፣ ኒዮዲሚየምን ከብረትና ከቦሮን ጋር አዋሐዱ። እስከ ዛሬ ከዚህ የሚበረታ ቋሚ ማግኔት ገበያ ላይ አልወጣም።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? የማግኔት አቅም የሚለካበት ሜጋ ጋውስ ኤርስቴድ የሚባል መለኪያ አለ። ተራ ፌራይት በዚህ መለኪያ ወደ 4 ነው። አልኒኮ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 9፣ ሳማሪየም ኮባልት ወደ 30 ይደርሳል። ኒዮዲሚየም ከ35 ይጀምርና 50ን ያልፋል። በሌላ አነጋገር ያ የሁለት ቡና ፍሬ ክብደት ያለው ማግኔት የሚሠራውን ሥራ ለፌራይት እንስጥ ብንል መጠኑ አሥር እጥፍ ገደማ መሆን ነበረበት። እንዲህ ያለ ነገር ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ አይገባም። የኒዮዲሚየም ትልቁ ስጦታ ይህ ነው፤ ማዳመጫውን ትንሽና ቀላል አደረገው። ጆሮ ላይ ለሚደፋው ትልቅ ማዳመጫ ግን ቦታው ሰፊ ነው። ፌራይት እዚያ ውስጥ በምቾት ይቀመጣል፤ የሚከፈለው ዋጋ ራስ ላይ የሚሰማ ጥቂት ክብደት ነው።

አሁን ወደ ጆሮ እንምጣ። የእህቴ ልጅ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ምህንድስና ትማራለች። ማዳመጫ ልትገዛ ፈልጋ አብረን ሱቅ ገባን። ሻጩ ሁለት ዘረጋልን። አንዱ ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ኒዮዲሚየም» የተጻፈበት ነው፤ ሌላው ስለ ማግኔቱ ምንም አይልም፣ ሲያነሡትም ከበድ ይላል። ስልኳ ላይ አንድ የማሲንቆ ዜማ ከፍታ በየተራ ሰማቻቸው። «ጋሼ፣ የመጀመሪያው ይሻላል፣ ልዩነቱ ግልጽ ነው» አለችኝ። እኔም ስሰማው ልክ ነበረች፣ የመጀመሪያው ጮክ ብሎ ይሰማል። የስልኩን ድምፅ ሁለት ደረጃ ቀንሳ ከሁለተኛው ጋር እኩል እንድታደርገውና እንደገና እንድትሰማ ነገርኳት። ደጋግማ ቀያየረቻቸው። አሁን የመጀመሪያው ላይ የማሲንቆው ጭራ ሲፋቅ የሚሰማው ድምፅ ሾሎ ጆሮ ይወጋል፣ የዘፋኙ ድምፅ ግን ወደ ኋላ ሸሽቷል። ሁለተኛው ላይ ዘፋኙ ፊት ለፊት ቆሟል። ብዙ ሳታወላውል ሁለተኛውን ገዛች።

«የማግኔት ጥራት» እየተባለ የሚወራው አብዛኛው ነገር መነሻው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የመስኩ ጥንካሬ እጥፍ ቢሆንና ሌላው ሁሉ ባይነካ፣ በዚያው የስልክ ድምፅ ደረጃ የምንሰማው በ6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው። የሰው ጆሮ ደግሞ ሁለት ተመሳሳይ ድምፆች በየተራ ቢቀርቡለት በጥቂቱ ጮክ ያለውን «የጠራ»፣ «ሙሉ»፣ «ሕይወት ያለው» ብሎ ይመርጣል። ጮክ ማለቱን አይለየውም፣ ጥራት አድርጎ ነው የሚቀበለው። የድምፅ መሐንዲሶች ሁለት መሣሪያ ከማወዳደራቸው በፊት መጠኑን እኩል የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው። ሱቅ ውስጥ ይህን የሚያደርግ የለም። ብርቱ ማግኔት ያለው ማዳመጫ ውድድሩን ገና ሳይጀመር ያሸንፋል።

ብርታቱ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። የስልክ አቅም ትንሽ ነው፤ ገመድ አልባው ማዳመጫ ደግሞ ከጥፍር የማይበልጥ ባትሪ ነው ያለው። በትንሽ ኃይል ብዙ ድምፅ የሚያወጣ ማዳመጫ ባትሪው ይቆይለታል። ይህ ግን የቁጠባ ጉዳይ ነው። ድምፁ ያማረ መሆኑን አያረጋግጥም።

ከዚህ ቀጥሎ በብዛት የምሰማው «ማግኔቱ ጠንካራ ከሆነ ባሱ ይጨምራል» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ፊዚክሱ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ተቃራኒው ነው። ጥቅልሉ በማግኔት መስክ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ይህም ኤሌክትሪክ እንቅስቃሴውን መልሶ ይይዘዋል። እንደ ልጓም ነው። ከበሮ ተመትቶ ምቱ ሲያበቃ ገለፈቱ በራሱ መርገብገቡን መቀጠል ይፈልጋል፤ ልጓሙ ያቆመዋል። መስኩ ሲበረታ ልጓሙ ይጠብቃል፣ የከበሮው ምት አጭርና ቁርጥ ያለ ይሆናል፤ ቀድሞ በዝቶ ይሰማ የነበረው ወፍራም ድምፅ ሊቀንስም ይችላል። ልቅ የሆነ፣ የሚጎተት ባስ የለመደ ሰው ይህን «ባስ የለውም» ይለዋል። ልጓሙ በደንብ የሚሠራውም ማዳመጫው የተሰካበት መሣሪያ የራሱ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ዝቅተኛ ሲሆን ብቻ ነው።

ጆሮ ውስጥ በሚገባ ማዳመጫ ላይ ባስን የሚወስነው ከማግኔቱ ይልቅ የጎማው ቆብ ነው። የራስዎን አሁኑኑ ሰክተው በጣትዎ በቀስታ ጫን ያድርጉት። ባሱ ድንገት ከመጣ ቀድሞውንም ነበረ፣ በቆቡና በጆሮዎ መሐል እያመለጠ ነበር እንጂ። ብዙ ሰው ከካርቶኑ ውስጥ የሚመጡትን ትልልቅና ትንንሽ ቆቦች ሳይሞክር ይጥላቸዋል። ለድምፅ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ፣ ዋጋም የማይጠይቅ ሌላ ነገር አላውቅም።

ማዕድኑ ጨርሶ ለውጥ አያመጣም ብዬ አልከራከርም። የጥቅልሉ ፍሰት የራሱ መስክ አለው፤ ያም ቋሚውን መስክ በጥቂቱ ያወዛውዘዋል፣ ውዝዋዜውም በድምፁ ላይ መዛባት ይጨምራል። አልኒኮ ከሌሎቹ ይልቅ በውጭ መስክ በቀላሉ የሚዳከም ነው፤ በሌላ በኩል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ በመሆኑ ኤሌክትሪክ ከማያስተላልፈው ፌራይት የተለየ ጠባይ ያሳያል። የጊታር ማጉያ ወዳጆች ስለ አልኒኮ የሚያወሩት ፍቅር ከዚህ የተነሳ ነው ይባላል። ግን እነዚህ ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች እስከ ዳር ሲገፉ የሚታዩ ልዩነቶች ናቸው። በክፍተቱ ዙሪያ ያሉት ብረቶች በደንብ ከተሠሩ፣ ክፍተቱ ጠባብና ወጥ ከሆነ፣ ጥቅልሉም መሐሉን ሳይስት ከተቀመጠ የማዕድኑ ድርሻ ለመስማት የሚያስቸግር ይሆናል። በሚገባ የተሠራ የፌራይት ማዳመጫ በግድየለሽነት ከተሠራ የኒዮዲሚየም ማዳመጫ ይበልጣል። ሱቅ ውስጥ ከእህቴ ልጅ ጋር የሰማነው ለዚህ ምስክር ይመስለኛል።

የድምፁን መልክ በዋናነት የሚቀርጹት የገለፈቱ ውፍረትና ቅርፅ፣ ከፊቱና ከኋላው ያለው የአየር ክፍል፣ ትንንሾቹ መተንፈሻ ቀዳዳዎችና እነሱን የሚሸፍነው ስስ ጨርቅ፣ ትልቁ ማዳመጫ ላይ ደግሞ የጆሮው ትራስ ናቸው። ካርቶን ላይ አንዳቸውም አይጻፉም። በዓለም ላይ እጅግ ከሚደነቁት ማዳመጫዎች መካከል የጃፓኑ ስታክስ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የሚሠራቸው ይገኛሉ፤ እነዚህ ገለፈቱን የሚያንቀሳቅሱት በኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ነው፣ በድምፅ ሰጪው ክፍል ውስጥ ማግኔት የሚባል ነገር የለም። ዋጋም ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የጄሮን ብሬባርት ጥናት 283 የጆሮ ማዳመጫዎችን አነጻጽሮ ለወፍራምና ለቀጭን ድምፆች በሚሰጡት ምላሽና በዋጋቸው መካከል ዝምድና አላገኘም።

በትንሽ ኃይል ብዙ መጮህ ሌላም ጣጣ አለው። ባጃጅ ውስጥ ወይም ረጅም መንገድ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ የሞተሩን ጩኸት ለመሸፈን ድምፁን ከፍ ማድረግ የተለመደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጣሪያ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። በ90 ዴሲቤል ይህ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል፤ በ100 ዴሲቤል 20 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀረው፣ ያውም ለሳምንቱ በሙሉ። ዛሬ ከስልክ ጋር የሚሠራ ተራ ማዳመጫ 100 ዴሲቤል ለማውጣት አይቸገርም። የተጎዳ የጆሮ ውስጥ ሕዋስ ደግሞ መልሶ አይበቅልም። ልጆቻችን ጮክ የሚለውን «ጥሩ» እያሉ ሲመርጡ የምጨነቀው ለዚህ ጭምር ነው።

ወደ ሁለተኛው አባባል እንለፍ፤ «ቻይና ማግኔት ከልክላለች»። መነሻው እውነት ነው። ከዓለም የኒዮዲሚየም ማግኔት ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው የሚሠራው ቻይና ውስጥ ነው። መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ቻይና ሰባት ብርቅዬ የመሬት ማዕድናትና ከእነሱ የሚሠሩ ማግኔቶች ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ ደነገገች። ሳማሪየም፣ ዲስፕሮሲየምና ቴርቢየም ከዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ ኒዮዲሚየም ራሱ የለም። ዲስፕሮሲየምና ቴርቢየም ኒዮዲሚየም ማግኔት ሙቀት እንዲችል በጥቂቱ የሚጨመሩ ናቸው። ለመኪና ኤሌክትሪክ ሞተር ይህ የግድ ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፎርድና ሱዙኪ አንዳንድ መኪኖቻቸውን መገጣጠም ለጊዜው እስከማቆም ደርሰዋል። ህንድ ውስጥም የጆሮ ማዳመጫ አምራቾች ማግኔቱን ማስገባት ስለተቸገሩ ተገጣጥሞ ያለቀውን ድምፅ ሰጪ ክፍል በሙሉ ከቻይና ወደ መግዛት ዞረዋል። መስከረም 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ቻይና ደንቡን አጠበቀችው፤ ያንን ተጨማሪ ክፍል ከአሜሪካ ጋር ከተነጋገረች በኋላ ሥራ ላይ እንዳይውል ለአንድ ዓመት አዘገየችው፣ የመጋቢቱ ግን ጸንቶ ቆየ።

የህንዶቹን ታሪክ ልብ ይሏል፤ የተከለከለው ማግኔቱ ነው፣ ያለቀለት ዕቃ አይደለም። ጅማ የሚመጣው ማዳመጫ ደግሞ አብዛኛው ቻይና ውስጥ ተገጣጥሞ፣ በካርቶን ታሽጎ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ነው። በእሱ ላይ እገዳ የለም። ያቺን የሁለት ቡና ፍሬ ማግኔት እንመልሳት፦ ከ0.3 ግራም ውስጥ ኒዮዲሚየሙ አንድ ሦስተኛ ገደማ፣ ማለትም 0.1 ግራም ነው። ኪሎው 100 ዶላር ነው ብንል ይህ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ይሆናል፤ ለሁለቱም ጆሮ ሁለት ሳንቲም። የማዕድኑ ዋጋ በእጥፍ ቢያድግ እንኳ ማዳመጫው ላይ የሚጨምረው ጥቂት ብር ነው። እጅግ የሚበልጠው ምክንያት ከቤታችን አይርቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ባንክ ውስጥ ወደ 57 ብር የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር አለፈ። በዶላር የሚገዛ ዕቃ ተወደደ፣ ማዳመጫውም አብሮ።

ስለዚህ ያለውን ማቆየት ካለፉት ዓመታት ይልቅ ዛሬ ያዋጣል፤ በዚህ በኩል ማግኔቱ ከሁሉም ክፍል የታመነ ነው። በተራ አያያዝ ለአሥርት ዓመታት ብርታቱን አያጣም። ወዳጄ ዘንድ ከሚመጡት ውስጥ አብዛኞቹ የተበላሹት መሰኪያው ሥር ገመዱ ተበጥሶ ነው፤ ገመድ አልባዎቹ ባትሪያቸው ደክሞ ነው። ማግኔቱ የሚያመጣው አንድ በሽታ አለ፣ እሱም ከብርታቱ የተነሳ ነው። ብየዳ ቤት አጠገብ የሚሠራ ልጅ ማዳመጫውን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ድምፁ ይንሿሿበታል። ሲከፈት የብረት ብናኙ በወንፊቱ አልፎ ገብቶ ገለፈቱ ላይ እንደ ጃርት እሾህ ቆሟል። በትንፋሽ አይወጣም፣ በብሩሽም አይወጣም፤ ማግኔቱ አይለቀውም። ወዳጄ የሚጣበቅ ፕላስተር በጣቱ ጠቅልሎ ደጋግሞ በቀስታ እየነካ አወጣው። የግራው ዳነ። የቀኙ ገለፈቱ ተቀድዶ ነበር። ጠረጴዛው ሥር ካለው የሞቱ ማዳመጫዎች ጣሳ ውስጥ መጠኑ የሚስማማ አንድ ድምፅ ሰጪ ፈለገና ሁለቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በይዶ ገጠመለት። አዲሱ ከግራው ትንሽ ጮክ ይላል። ልጁ ይህን ሲሰማ «የቀኙ ተሻለ» አለ፤ ወዳጄም ስልኩን ተቀብሎ ቅንብሩ ውስጥ ገባና የግራና የቀኙን ሚዛን አስተካከለለት።